ለአቋቋም መምህር የተሠራ መቀመጫ

የሥራ ዘመኔን በሙሉ የደከምሁት ሰው ሁሉ ጀርባውን ለሚሰጠው ዕቃ ነው። ጀርመን አገር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት መቀመጫ እነድፍ ነበር። መጸዳጃ ቤቱን አላልሁም፤ መቀመጫውን ነው። ቧንቧው የሌላ ክፍል፣ መብራቱ የሌላ ክፍል፣ የእጅ መታጠቢያው የሌላ ክፍል ሥራ ነበረ። ለእኔ የደረሰኝ ርስት ያ ቀዳዳ ያለው ነገርና ክዳኑ ነው። ርስቱ ጠባብ ቢሆንም ተከራካሪ አልነበረበትምና በሰላም አርሼው ጡረታ ወጣሁ።

እናቴ ይህን በግልጽ ለአገራችን ለመራዊ ከተማ ሰው መንገር ከበዳት። «ልጄ የአውሮፕላን ወንበር ይሠራል» ትል ነበር፤ ይህም ውሸት አይባልም። ሰሚው ግን ወንበሩን የአብራሪው አደረገው፤ ዓመት ሳይሞላም አብራሪው እኔው ሆንሁ። ለዕረፍት በመጣሁበት አንድ ክረምት አንድ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን አቁመው፣ «ትናንት በላያችን ያለፍኸው አንተ ነህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አዎን» ብል ሐሰት፣ «አይደለሁም» ብል እናቴን ማዋረድ ሆነብኝ።

«ትናንት ተረኛ አልነበርሁም» አልኋቸው።

«እንግዲህ ተራህ ሲደርስ ከፍ ብለህ እለፍ፤ ከብቱ ይበረግጋል» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

ሙያው ሰው እንደሚገምተው ቀላል አይደለም። የአውሮፕላን ግድግዳ ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለሆነ ክዳኑ ወደ ኋላ ተደግፎ ሊቆም አይችልም፤ በማጠፊያው ጥንካሬ ብቻ ቀጥ ብሎ መቆየት አለበት። አለዚያ አውሮፕላኑ ሲናወጥ፣ ቆሞ ጉዳዩን በሚፈጽም መንገደኛ ላይ፣ በማይገባው ሰዓት በማይገባው ቦታ ይወርድበታል። ከመቀመጫው ሥር የላስቲክ እግሮች ያስፈልጋሉ፤ በመካከል አየር ካላለፈ መምጠጫው ባለጉዳዩን ይዞ እንዳያስቀረው ይፈራል። ይህን ሁሉ አሟልቶ ደግሞ ከአንድ ጥንድ ጫማ ብዙ እንዳይከብድ ይጠበቃል።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን ስንጥቅ ነበር። ረጅም መንገድ በርረው ከሚመለሱ አውሮፕላኖች የወለቁ መቀመጫዎች ግራና ቀኛቸው ተሰንጥቆ ይመጣ ጀመር። ባልደረቦቼ በመንገደኛው ውፍረት አመካኙ። እኔ አንዱን ወደ መስኮት ወስጄ ባየው የጫማ ሶል አሻራ አገኘሁበት።

«ይወጡበታል» አልኋቸው።

«ወጥተው ምን ሊያደርጉ?»

ይህን በጀርመንኛ ለማስረዳት ቃል ስላጠረኝ መቀመጫውን ከነሳህኑ በስብሰባው ክፍል መካከል አስቀመጥሁ፤ ከረባቴን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ፣ ከነጫማዬ ወጣሁና ቁጢጥ አልሁ። አለቃችን መነጽሩን አውልቆ፣ «ግን ለምን?» አለኝ።

«የማያውቁት ሰው ገላ ባረፈበት ላይ ገላን ማሳረፍ በብዙ አገር ነውር ነው» አልሁት፣ ከላይ እንደ ሆንሁ። «በእናንተ ዘንድ ደግሞ ወለል ላይ ቀዳዳ ማበጀት ነውር ነው። ሁለቱን ነውር ያስታረቀ መንገደኛ እዚህ ላይ ይገኛል።»

ከዚያ ወዲህ የምንነድፈው ሁሉ ጠርዙ ሰፋ፤ ሰው ቢቆምበትም የሚችል ሆነ። በሰማይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሳይወድቅ የወረደ ሰው ካለ፣ ሳያውቀኝ አመስግኖኛል ብዬ አምናለሁ።

ጡረታ ስወጣ ባሕር ዳር ገባሁ። ቤታችን ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጀርባ ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ በጀልባ በሚደረስ ገዳም፣ ታላቅ ወንድሜ አሉ። መነኩሴ ናቸው፤ የአቋቋም መምህር። አቋቋም ካህናት መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽል እየጸነጸሉ፣ በእርጋታ እየዘመሙ የሚያመሰግኑበት ሥርዓት ነው፤ ስሙ እንደሚለው በመቆም ይፈጸማል። እኔ ሰው ሳስቀምጥ፣ እሳቸው ሰው ሲያቆሙ ኖርን። እናታችን ስለ እሳቸው ስታወራ ቃል መምረጥ አላስፈለጋትም።

ከጥምቀት በኋላ ወንድሜ በገዳሙ ወደብ ርጥብ ድንጋይ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከተማ አምጥተን ታከሙ፤ ብረት ገባላቸው። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ «አባ፣ መቆም ይችላሉ፤ ቀስ ብሎ መራመድም ይቻላል። ቁጢጥ ማለት ግን ከእንግዲህ የለም» አላቸው። እሳቸውም ትልቅ ነገር እንዳልተነገራቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ ቤት በሰነበቱበት ጊዜ የሆነውን ሁሉ፣ የመጸዳጃ ቤታችንን መቀመጫ ጭምር፣ በሽተኛ አይነቀፍምና፣ እንደ መከራ ተቀበሉት። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ወደ ገዳማቸው ተመለሱ። እዚያ በሽተኛ አልነበሩም፤ መምህር ነበሩ።

የገዳሙ ሽንት ቤት ከቡናው ተክል በስተጀርባ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ በላዩ ርብራብ እንጨት፣ በርብራቡ መካከል ክፍተት። ሴት ከወደቡ ስለማታልፍ ባለቤቴ ምግብ ሠርታ በእኔ ትልክ ነበር፤ ምሳ ዕቃው እንደ ሄደ ሞልቶ ይመለስ ጀመር። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ በሄድሁ ቁጥር ወንድሜን ከስተው አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን ከእንጀራው አንድ ጉርሻ ቆርሰው ቀሪውን ወደ ተማሪዎቹ ገፉት።

«አባ፣ ለምን አይበሉም?»

«ጾም ነው።»

«በበዓለ ሃምሳ?»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ረቡዕ ዓርብ እንኳ እንደማይጾም የሚያውቀው ሊቅ ብቻ አይደለም፤ በግ ነጋዴም ያውቀዋል።

«በሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም ብለው በኩርኩም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኋቸው።

«ኩርኩሙን ብቻ የያዝኸው መስሎኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

ነገሩን የነገሩኝ የገዳሙን ንብረት የሚጠብቁት ገበዝ ናቸው፤ ምሥጢር ሲያወጡ የሰውን ክንድ አጥብቀው የሚይዙ ወፍራም ሽማግሌ። ወደ ወደቡ ሲሸኙኝ ክንዴን ያዙ።

«መብሉ አይደለም የሚያስፈራቸው» አሉኝ። «መውጫው ነው። ሁለት ተማሪዎች ብብታቸውን ይዘው ጉድጓዱ ላይ ያቆሟቸዋል። ትናንት ዜማ የገሠጹትን ልጅ ዛሬ ‹ያዘኝ› ማለት ከሞት ከበዳቸው። የማይበላ ሰው አይወጣም፤ ይኸው ነው ጾሙ።»

«እንዲህ ሆኖ እስከ መቼ?»

«መምህሩ ለክረምት አይደርሱም ብለው አበ ምኔቱ ፈርተዋል። ጰራቅሊጦስ እስኪሆን ካልበረቱ ወደ እናንተ ቤት ይውረዱ ተብሏል። እሳቸው ከወረዱ ደግሞ ጉባኤው ይበተናል፤ ተማሪው ሌላ መምህር ፍለጋ ነቅሎ ይሄዳል።»

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለፈረንጅ ሁሉ መቀመጫ ስትሠራ ኖረህ፣ ለገዛ ወንድምህ አንዲት ጉድጓድ አቃተችህ?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ንግግር ጡረተኛን ያስነሣል። ዋንዛ ከሐሙሲት አስመጣሁ፤ የጎንደር መንገድ ዳር ከሚሠራ አናጢ ጋር ተዋዋልሁ። የያዝሁትን ንድፍ እንደሚከተለው አስፈጸምሁት፤ ዳሌ እንዳይታጠፍ ከፍ ያለ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ጠርዙ ያለ አንዳች ሻካራነት የለሰለሰ፣ ክዳኑ በቀስታ የሚወርድ፣ ከሥሩም ከባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጡ የላስቲክ እግሮች ያሉት። አናጢው ጠርዙን በላከልኝ ቁጥር መልሼ እሰድድበት ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ለጳጳስ ነው?»

«ለመነኩሴ ነው።»

«መካከሉ ላይ ያለው ቀዳዳስ?»

«ለአየር።»

«መግቢያ ነው መውጫ?» አለና ሥራውን ቀጠለ። መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ፣ ያለ ሐሰተኛ ትሕትና ለመናገር፣ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ፋብሪካው ዋንዛ አይሰጠኝም ነበር። በጀልባ ላይ ራቁቱን ማጓጓዝ ግን ለወንድሜ ክብር አይመጥንም ብዬ ባለቤቴን ነጭ ነጠላ አስወጣሁና ሸፈንሁት። የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ወደ ገዳም የሚሄድ ዕቃ ምን እንደ ሆነ ሕፃን ያውቃል።

ጀልባዋ ውስጥ ከገበያ የሚመለሱ የማዶ ሰፈር ሴቶች ነበሩ። አንዲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ አለች።

«አባቴ፣ ስለት ነው?»

«ለገዳሙ ነው» አልሁ። ይህም፣ እንደ እናቴ አነጋገር፣ ውሸት አልነበረም።

«እሰይ! ሰምሮላቸዋል!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተቀበሏት። ወደቡ እስኪደርስ ድረስ ሐይቁ በእልልታ ተሞላ፤ ገበዙ ድምፁን ሰምተው፣ ካባቸውን ደርበው፣ ተማሪዎቹን አስከትለው ወረዱ። ነጠላውን ገለጥ አድርገው የዋንዛውን ወዝ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስለትህን ይቀበልልህ፤ ቤትህ አይጉደል፤ ልጆችህን ያሳድግልህ» እያሉ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ልጆቼ አድገው የራሳቸውን ልጆች እያሳደጉ ነው፤ እሱን ለማረምም ዕድል አላገኘሁም። ያን ሁሉ ሴት አስቁሜ፣ «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ነው» ለማለት የሚችል ሰው ካለ ከእኔ የተሻለ ትምህርት የተማረ መሆን አለበት። ለወንድሜ በጆሯቸው፣ «ለዚያ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ ያስረዷቸው» ብዬ በመጣሁበት ጀልባ ተመለስሁ።

በሳምንቱ ስሄድ ተማሪዎቹ በጉባኤው ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ወንድሜ ፈንጠር ብለው፣ እጃቸውን በመደገፊያው ላይ ጥለው፣ በሠራሁት መቀመጫ ላይ ተሰይመው ያስተምራሉ። ክዳኑን ነቅለው መጽሐፍ ማስቀመጫ አድርገውታል። እኔን ሲያዩ ትምህርቱን አሳረፉ።

«ለምን አልነገሯቸውም?» አልሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በእልልታ የገባ ስለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሆኗል። ተመለስ ልበለው?»

«ቀዳዳውን ያየ ሰው የለም?»

«ጠይቀዋል። ለነፋስ ነው አልኋቸው። ባለፈው እሑድ ከከተማ አንድ ትልቅ አባት መጥተው ተቀምጠውበት ነበር። እንዲህ ያለ የማያልብ ወንበር ዓይቼ አላውቅም አሉ፤ ለራሳቸውም ሊያሠሩ ነው።»

«አባ፣ እሳቸው የፈለጉትን ያሠሩ። እርስዎ ግን አሁንም አልበሉም፤ ጉንጭዎ ያሳብቃል። በገበዙ ፈቃድ ሌላ አሠርቼ አመጣለሁ፤ በቦታው እተክለዋለሁ፤ እርስዎም ይቀመጡበታል።»

ወንድሜ በልጅነቴ ቃል ስሳሳት በሚያዩኝ ዓይን አዩኝ።

«አልቀመጥበትም» አሉ። «ስማኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለፈጣሪዬ ቆሜ ነው የኖርሁት። አሁን ለሆዴ ወንበር ይዘርጋልኝ? ፈጣሪን ቆሞ፣ ሆድን ተቀምጦ? በዚህ ዕድሜዬ ቅደም ተከተሉን አላፋልስም።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ዓይነት የደንበኛ ቅሬታ ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልደረሰኝም። ከዛፉ ሥር ተቀምጬ የቀረውን ትምህርት ተከታተልሁ። ወንድሜ አንድ ስልት ለማሳየት ተነሡ። መቋሚያቸውን ተቀብለው ራሱን በብብታቸው ሥር አደረጉ፤ ሌላውን እጅ በአንድ ተማሪ መቋሚያ ላይ አሳረፉ፤ መዝመም ጀመሩ። ያ የተሰበረ ዳሌ ያላቸው ሽማግሌ፣ ያ ጉርሻ የማያልፍላቸው መነኩሴ፣ ተማሪዎቹ እስኪሰለቹ ድረስ አልደከሙም።

ያን ጊዜ እንደ ካህን ሳይሆን እንደ መሐንዲስ አየኋቸው። ወንድሜ አልቆሙም ነበር። ክብደታቸው በብብታቸው በኩል ወደ እንጨቱ፣ በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ እግሮቻቸው ሚዛን ከመጠበቅ በቀር ሥራ የላቸውም። የሚቆሙ ሰው ሳይሆኑ የተደገፉ ሰው ነበሩ፤ ግን ይህን ማንም ነውር አላለውም፤ ማኅሌት ይባላል። መደገፍ ለእሳቸው ማረፍ አልነበረም፤ ሥርዓት ነው። እኔ ግን ገና ከፋብሪካው ሳልወጣ፣ ሰው ሲቸገር ማስቀመጥ ብቻ ነበር የታየኝ።

ወደ አናጢው ተመለስሁ። የዚህኛው ንድፍ አጭር ነው፤ ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ የሚተከሉ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ በጫፋቸው እንደ መቋሚያ ራስ ያለ አግዳሚ፣ ከኋላም ለመደገፍ ያህል ዘመም ብላ የምትቆም አንዲት ጠባብ ሳንቃ። ሰውየው ብብቱን በሁለቱ ራስ ላይ ጥሎ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፤ ጉልበቱ ጥቂት ለዘብ ይላል እንጂ ዳሌው አይታጠፍም። አናጢው ዕቃውን ከሩቅ አየው።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው የእኔ ሥራ መሆኑን ለሁሉም ይንገሩልኝ። ይኼንን ግን ማን ሠራው ቢሉ ስሜን እንዳያነሡ» አለኝ።

ነጠላ አላለበስሁትም። ጀልባዋ ላይ ዕርቃኑን ጫንሁት። ያቺው የማዶ ሴት አየችና ተጠራጠረች።

«ይኼም ስለት ነው?»

«የሽንት ቤት ዕቃ ነው» አልሁ፣ ጎላ አድርጌ። ወዲያው ከአጠገቤ ቦታ ተለቀቀልኝ፤ እስከ ማዶ ድረስ እግሬን ዘርግቼ ሄድሁ።

ገበዙ በወደቡ ተቀብለውኝ ዕቃውን ግራ በመጋባት ዞሩት። ጉዳዩን ስነግራቸው ክንዴን ያዙ።

«እንግዲያስ ያኛው...» አሉ፣ ዓይናቸው ወደ ጉባኤው ዛፍ እየሄደ።

«ያኛው ስለት ነው» አልኋቸው።

ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ካባቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። «ያን ትልቅ አባት...» ይላሉ፤ መጨረስ አይችሉም። ሲረጋጉ አካፋ አመጡ። ቋሚዎቹን አብረን ተከልን፤ ዙሪያውን ከሐይቁ ዳር በታጨደ ደንገል አጠርን።

ወንድሜ ሊያዩት መጡ። የቋሚውን ራስ በመዳፋቸው ደበደቡ፤ የራሳቸውን መቋሚያ ከጎኑ አቁመው ለኩት።

«ከእኔ መቋሚያ ያንሳል» አሉ።

«ትከሻዎ እንዳይነሣ ሆን ብዬ ነው።»

«እንጨቱም አልለሰለሰም።»

«ለጉባኤ እንዳይወስዱት ነው።»

ሳንቃዋን በጥርጣሬ አዩ። «ይህችስ? መቀመጫ ናት?»

«አይደለችም። ይሞክሯት፤ ቢፈልጉ እንኳ አያስቀምጥዎትም። ሰው ቆሞ ነው የሚፈጽመው።»

ተማሪዎቹን በእጃቸው ምልክት አራቁ፤ እኔንም ጭምር፤ የደንገሉን መጋረጃ መለሱ። ከቡናው ተክል ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስነድፍ አንድም ጊዜ ከበር ውጭ ሆኜ ደንበኛ ጠብቄ አላውቅም፤ ሥራዬ የሚፈተነው እኔ በሌለሁበት፣ ከደመና በላይ ነበር። አሁን ግን ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተፈታኝ ተማሪ ቆምሁ። ጥቂት ቆይቶ ከደንገሉ ውስጥ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ የዜማ ማንጎራጎር ሰማሁ። በዚያ ቦታ ዜማ ይፈቀድ አይፈቀድ የማውቀው የለኝም። ከገበዙ ጋር ተያየን፤ ገበዙም ጀርባቸውን አዞሩ።

ወንድሜ ብቻቸውን ወጡ። እጃቸውን ታጥበው በአጠገቤ ሲያልፉ አልቆሙም።

«የግራው ይነቃነቃል» አሉና ሄዱ። ገበዙ ድንጋይ ፍለጋ ሮጡ።

የጰራቅሊጦስ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ማዕድ ቀረበ። ከወንድሜ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ላለማየት እየጣርሁ፣ አየሁ። እንጀራቸውን ጨረሱ። ወደ ተማሪዎቹ የገፉት ነገር አልነበረም። ጠላ የሚቀዳው ተማሪ፣ ከልማድ የተነሣ፣ ዘልሏቸው ሊያልፍ ሲል ሽክናቸውን ወደ ላይ ያዙ።

«ምነው? እኔ አፍ የለኝም?» አሉት።

ልጁ ደነገጠና እስከ አፉ ሞላው። ገበዙ ማዶ ሆነው ከአበ ምኔቱ ጆሮ ጠጋ አሉ፤ አበ ምኔቱም ወንድሜን አየት አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ከተማ ስለ መውረድ ከዚያ ወዲህ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ማግሥቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ገባ። ረፋዱ ላይ ከቤቴ ሆኜ ደወልሁ፤ ከስልኩ ባሻገር የጸናጽልና የተማሪ ድምፅ ይሰማል።

«አባ፣ ምን በሉ?»

«ጾም ነው» አሉኝና ዘጉብኝ።

ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብላ አየች።

«ዛሬስ እውነታቸውን ነው» አለች፤ ሽንኩርቷንም መክተፏን ቀጠለች።